ስንዝር የማትሞላ

የካቲት 3፣ ሰኞ

የመኪናው ሎግ ቡክ ዳር ላይ «አስተያየት» የምትል ጠባብ ዓምድ አለች። ከሦስት ቃል በላይ አትይዝም። እኔ ደግሞ ከሦስት ቃል በላይ የምለው ስላለኝ ዛሬ ይህንን ደብተር ገዛሁ። ሃያ ስድስት ዓመት መሪ የያዘ ሰው የሆዱን የሚተነፍስበት ቦታ ቢኖረው አይበዛበትም።

አዲሶቹ ጎማዎች ዛሬ ገቡ። አሮጌው ልክ 265/70 ነበር። እኔ የመረጥኩት 285/75 ነው፤ ሰፋም ከፍም ያለ፣ ጥርሱ ጣት የሚያስገባ። የድርጅታችን አስተዳደር ኃላፊ ወይዘሮ ሶፍያ «አቶ ደምሴ፣ ልምዱ ያለዎት እርስዎ ነዎት፣ ልኩን ወስነው ይፈርሙ» ብላ ነበር። ወሰንኩ፣ ፈረምኩ።

ጎሚስታው ሰኢድ ግን እጁ ሲሠራ አፉም አብሮ ይሠራል። «ይህ መኪና በቀን ስንት ይሄዳል?» አለኝ። ነርሶች ይዤ ከቱላ በላይ እስካለው ጤና ኬላ ስልሳ ሁለት ኪሎሜትር ሄጄ ያንኑ እመለሳለሁ አልኩት። «ስንቱ ጭቃ ነው?» አስራ ሁለቱ። «እንግዲህ ለአስራ ሁለቱ ብለህ ሃምሳውን ልታሰቃየው ነዋ። በየቀኑ አስፋልት ለሚሄድ መኪና ፋብሪካው የሰጠው ልክ ይበቃዋል፣ ደምሴ።» ጎማ የሚነፋ ሰው ሹፌር ሊያስተምር! የያዝከውን ጨርስ አልኩት። ስኮርታውን፣ ትርፍ ጎማውን፣ አልቀየርነውም፣ አሮጌው ልክ ከኋላ እንደተንጠለጠለ ነው።

አምና ክረምት ጭቃው ውስጥ ስቀረቀር በሬ ጎትቶ ነው ያወጣኝ። በገበያ ቀን፣ አገር እያየ፣ ሁለት በሬ። እስከ ዛሬ ቢሮ ውስጥ «ባለ ስምንት እግሩ ሹፌር» ይሉኛል። በዚያው ሳምንት እስራኤል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናውን የሚይዘው ባልደረባዬ፣ በዚያው ጭቃ አልፏል። ከጎማው ትንሽ ነፋስ ቀንሶ ነው አሉ። እኔ ዕድል ነው የምለው። ለማንኛውም ከእንግዲህ ስለ በሬ የሚያወራኝ ሰው አይኖርም።

የካቲት 5

ጤና ኬላው በር ላይ ስደርስ ቆጣሪው 58 አለ። ድሮ 62 ነበር። ግሬደር ሰሞኑን መንገዱን ስላስተካከለው አጥሯል።

መኪናው ሲያዩት ያስፈራል። ነርሶቹ ለመውጣት እጅ ይፈልጋሉ፣ አንዷ «ጋሽ ደምሴ፣ መሰላል ይግዙልን» አለች። ሳቅኩ። ጭቃው ላይ ለጥ ብሎ ሄደ።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ቅዳሜ ስለሚመሽበት መኪናው እስከ ሰኞ ቡሹሎ ሰፈር፣ እስራኤል ግቢ ነው የሚያድረው። ጠዋት ቁልፉን ሲያስረክበኝ ስለ ቆጣሪው የሆነ ነገር ጀመረ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከጎማው ወዲህ…» ነርሶቹ ቆመው እየሰሙ ነው። ሰላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ማርሽ መቀየር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። «በኋላ» አልኩት። «ሎግ ቡኩ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ሲመችዎት ያዩታል» አለኝ። ያ ትሕትናው ነው የሚያናድደኝ። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት። ሎግ ቡኩን ዘይት ነክቶት አገኘሁት። የቅዳሜውን ገጽ ቀድጄ ቁጥሩን በንጹሕ ገለበጥኩት። ዘይት የነካው ወረቀት ለአስተዳደር አይቀርብም።

የካቲት 14

ቱላ ገበያ መታጠፊያ። መሪው ሙሉ ሲዞር የፊት ጎማ ፓራፋንጎውን ነከሰ። መሪው እምቢ አለ። ከፊቴ ባጃጅ፣ ውስጡ እናትና ሁለት ልጆች። አንድ ክንድ ሲቀረኝ ቆምኩ። ፍሬኑም እንደ ድሮው ቶሎ አይዝም።

ጥፋቱ የባጃጁ ነው።

ማታ ጎማው የሚነካውን ፕላስቲክ በቢላ ቆረጥኩት። አባይነሽ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። «መኪናውን ነው የምትቆርጠው ወይስ ጎማውን ነው የምትቀይረው?» አለች። ሚስት ስለ ጎማ ምን አገባት።

የካቲት 24

ሶፍያ ጠራችኝ። ከፊቷ ሎግ ቡኩና የነዳጅ ኩፖኑ ተዘርግቷል። መኪናው ድሮ በሊትር ስምንት ኪሎሜትር ይሄድ ነበር፣ አሁን ሰባትም አይሞላም። በሦስት ሳምንት አርባ ሊትር የገባበት አልታወቀም አለች።

«አቶ ደምሴ፣ መኪናው ችግር አለበት?»

መኪናው ደህና ነው አልኩ። ሞተሩን በእጄ ነው የማውቀው። ጎማዎቹስ ስትል ደሜ ፈላ። ጎማው ምርጥ ነው፣ አልተቀረቀርኩም፣ ጎማው ነዳጅ አይጠጣም አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ጸሐፊዋ በሩን ዘጋችው።

«እንግዲያው ነዳጁ የት ሄደ?»

እኔን ነው የምትጠይቀው። እኔን፣ በሃያ ስድስት ዓመት አንዲት ጠርሙስ ናፍታ ይዤ ቤቴ ያልገባሁትን። «ቁልፉን ከእኔ ሌላ የሚይዝ ሰው አለ። ቅዳሜና እሑድ መኪናው የት እንደሚያድር ይጠይቁ» አልኳት።

ስም አልጠራሁም። ይህ ይመዝገብልኝ፤ ስም አልጠራሁም።

የካቲት 27

እስራኤልን ከሥራ አግደውታል። ኮንትራቱ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፣ አይታደስም ተብሏል። «ሎግ ቡኩ ላይ ምክንያቱን ጽፌያለሁ» ብሎ ነበር አሉ። ሶፍያ ገልጣ አየች፣ የለም። እንግዲህ ከሌብነቱ ላይ ውሸት ተጨመረበት። ጸሐፊዋ ናት በሻይ ሰዓት የነገረችኝ፣ ደስ እያላት። «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» አለች። ጽዋውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ገጹን ዘይት ነክቶት ነበር።

የካቲት 28

ምንም ብሠራ ይህ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም አለ። ዛሬ እስራኤልን ጉዱማሌ ሜዳ አጠገብ አየሁት። ሳያት የምትባለው ሚስቱ ጨቅላዋን አዝላ፣ እሱ የሽንኩርት ከረጢት ተሸክሞ። ሁለት ወር ያልሞላት ልጅ ናት። መኪናውን ሲያይ እንደ ልማዱ እጁን ሊያነሳ ብሎ ተወው። እኔም አላቆምኩም። ምን ብዬ አቆማለሁ? ሌባ የተባለ ሹፌር ሐዋሳ ውስጥ ማንም ቁልፍ አይሰጠውም። ይህንን እኔ አላመጣሁትም፣ ያመጣችው ሶፍያ ናት። ሶፍያ፣ ጸሐፊዋ፣ ያ ወሬኛ ቢሮ በሙሉ።

አባይነሽ ራት ስታቀርብ «እስራኤል ሰርቋል ብለህ ታምናለህ?» አለችኝ። እንጀራዬን ቆረስኩ። «ካላመንክ ለምን ዝም አልክ?» አለች። ሳህኑን ገፋሁት። «አንተ ሰውዬ፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው የያዝከው» ብላ ወደ ጸሎቷ ሄደች። ለማን እንደምትጸልይ አውቃለሁ። ስሜን ጮክ ብላ ነው የምትጠራው።

መጋቢት 4

እስራኤል ከሄደ ሳምንት ሆነው። መኪናው ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ግቢ፣ በሁለት ዘበኛ። ነዳጁ አሁንም ይጎድላል።

ማደያው ይሰርቃል። ሐዋሳ ውስጥ የማይሰርቅ ማደያ የት አለ።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ትራፊክ አስቆመኝ። ልጅ እግር ፖሊስ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ። «ፍጥነትዎ ሰማንያ ስድስት» አለኝ። ቆጣሪዬ ሰማንያ ነው የሚለው፣ ዓይኔ እዚያው ላይ ነበር። ተጨቃጨቅን። ማሽንህ የተበላሸ ነው አልኩት። ሰው ተሰበሰበ፣ ነርሶቹ ከኋላ አንገታቸውን ደፉ። ፖሊሱ አልተናደደም። ዞር ብሎ ጎማዎቹን አየና «አባት፣ ይህ የራሱ ልክ ነው?» አለኝ።

ፈቃዴን ይዞ ቅጣት ጽፎ መለሰልኝ። ቀሪውን መንገድ በስልሳ ነዳሁ። ስልሳ ሁለት፣ ሃምሳ ስምንት። ሰማንያ ስድስት፣ ሰማንያ። ቁጥር እጠላለሁ።

መጋቢት 9

ሰኢድ ጋ ሄድኩ። ልሳደብ ነበር የሄድኩት። ልኩን አሳስተህ ሸጥክልኝ ልለው። እሱ ግን ጠመኔ አነሳ።

የኋላ ጎማው መሬት የነካበት ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረ፣ ከሥሩ መሬቱም ላይ። «ማርሹን አውጣና እንግፋው» አለኝ። ሁለታችን እያቃሰትን ገፋነው። ጎማው አንድ ዙር ዞሮ መስመሩ ተመልሶ መሬት ሲነካ እዚያም አሰመረ። ከዚያ ስኮርታውን፣ ያንን አሮጌ ልክ፣ ፈትቶ ከመጀመሪያው መስመር አስነሳና በእጁ አንከባለለው። አንድ ዙር። ያቆመው ከሁለተኛው መስመር ወዲህ ነው።

«በል ለካው» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ጣቶቼን ዘረጋሁ። በሁለቱ መካከል አንድ ስንዝር ለመሙላት ትንሽ ነው የቀረው።

«ቆጣሪው የሚቆጥረው ዙር ነው» አለ ሰኢድ፣ እጁን እየጠረገ። «መንገዱን አያይም። ይሄ ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ይህችን ታህል ይሰርቀዋል። ከዚህ እስከ ደጋ ስንት ሺህ ዙር እንደሆነ አንተ አስላው። ክብደቱም አለ፣ ነዳጅ ይበላል። እስራኤል ያንን ሰሞን መጥቶ ይህንኑ ነገር ጠይቆኝ ነበር። አልነገረህም?»

ጊዜ አልነበረኝም አልኩት። ስኮርታውን መልሰን ሰቀልነው። ክፍያ ስሰጠው አልቀበልም አለኝ። ይሄ ደግሞ ከስድብ በላይ አናደደኝ።

መጋቢት 11

ሁለት ቀን አልተናገርኩም።

እንዴት ብዬ ልናገር። ልኩን የመረጥኩት እኔ፣ የፈረምኩት እኔ፣ ጎማው ደህና ነው ብዬ የጮኽኩት እኔ። ደግሞስ የዛሬ ሃያ ዓመት ማንም እንዲህ ያለ ስሌት ይሠራ ነበር? ጎማ ጎማ ነው። ፋብሪካው ቆጣሪውን እንዲህ አድርጎ መሥራቱ ጥፋት ነው። መንገዱ ጭቃ መሆኑ ጥፋት ነው። በሬው ጥፋት ነው። ቢሮ ውስጥ የሳቁብኝ ሁሉ ናቸው ጥፋተኞቹ። ባይስቁብኝ ኖሮ እኔ ይህንን ጎማ መቼ እመርጥ ነበር?

ጻፍኩት፣ አነበብኩት። ይህንን ሌላ ሰው ቢለኝ በጥፊ እለው ነበር።

መጋቢት 12

አቶ ማርቆስ ቤቴ መጡ። የእስራኤል አባት ናቸው፣ ቡሹሎ ውስጥ ነገር የሚያዩ የሲዳማ ሽማግሌ። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፣ መልስም አዘጋጅቼ ነበር። አባይነሽ ወተት አቀረበችላቸው፣ ጠጡ፣ አመሰገኑ።

«ፊቼ ሊገባ ነው» አሉኝ። «አዲስ ዓመት በቂም አይገባም። እሑድ ከቸርች ስትወጣ እኛ ግቢ ና። ሶዶ ብትወለድም ሐዋሳ ያረጀህ ሰው ነህና አፊኒ ምን እንደሆነ አታጣውም።»

አላጣውም። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ነገሩ «አፊኒ?» ተብሎ ይከፈታል፤ ሰምታችኋል ወይ ማለት ነው። ያልተሰማ ነገር አይፈረድም። ሁሉም ተራውን ይናገራል፣ ሌላው አያቋርጥም። የሚፈለገው ሀላሌ ነው፣ እውነቱ።

«ልጅዎ ምን አለ?» አልኳቸው።

«ልጄ ሰረቅህ አሉኝ፣ አልሰረቅሁም ብሏል። ጽፌያለሁ ብሏል። ስለ አንተ ክፉ አልወጣውም። እሑድ እንሰማለን» አሉና ዱላቸውን ይዘው ተነሱ። በር ድረስ ሸኘኋቸው። አባይነሽ ስመለስ አላየችኝም፣ ጀርባዋን ሰጥታ ጽዋ ታጥባለች።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ሁሉንም እጽፋለሁ፣ ምንም አልዘልም።

ስብከቱን አልሰማሁትም። ይህንን ደብተር ኮቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ ነበር የሄድኩት፣ ለምን እንደሆነ ለራሴ እንኳ አልነገርኩም። ግቢያቸው ውስጥ ዛፍ ሥር ሰባት ሰው ተቀምጧል። እስራኤል ዳር ላይ፣ ሚስቱ ከበሩ አጠገብ ልጇን ታጠባለች። አቶ ማርቆስ አባት ስለሆኑ አልመሩም፣ ሌላ ሽማግሌ ነው «አፊኒ?» ብለው የከፈቱት። አልሰማንም፣ እንስማ አሉ ሁሉም።

ተነሳሁ። ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ። ጥፋቱ የጎማው ነው አልኩ። የጠመኔውን ነገር፣ ስንዝሯን፣ ቆጣሪውን አስረዳሁ። ነዳጅ አልተሰረቀም፣ ማንም አልሰረቀም፣ ይህንን ለቢሮው እነግራለሁ አልኩ። እንደ ትልቅ ሰው ነው የተናገርኩት። ተቀመጥኩ።

ሽማግሌው «ሰምተናል» አሉ። «ጎማ ግን አፍ የለውም። ቅዳሜ መኪናው የት ያድራል ያለው ማን ነው?»

እኔ ነኝ አልኩ። ጆሮዬ ጋለ።

«ልጁ ጽፌያለሁ ይላል። ጽፏል?»

እዚህ ላይ ነው ንዴቴ የመጣው። ተነስቼ ልሄድ ነበር። ሰባት ሰው ፊት፣ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ፣ እንደ ተማሪ። ዞር ስል የእስራኤል ሚስት ታየኛለች። አልተቆጣችም። ልጇን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረችና መልሴን ጠበቀች።

ደብተሩን አወጣሁ። ከልባዱ ውስጥ የቅዳሜውን ገጽ፣ አራት ቦታ የታጠፈውን፣ ለሽማግሌው ሰጠሁ። እሳቸው ለአንዱ ሰጡት፣ እሱም ጮክ ብሎ አነበበው። ዓምዷ ስላልበቃችው እስራኤል በወረቀቱ ጠርዝ ዞሮ ነው የጻፈው።

«ከጎማው ለውጥ ወዲህ ቆጣሪው 62 ማለት ሲገባው 58 ይላል። ነዳጅ የጎደለ ይመስላል እንጂ አልጎደለም። ልኩ ወደ ድሮው ቢመለስ መልካም ነው። ጋሽ ደምሴ ልምድ ስላላቸው እሳቸው ይወስኑ።»

ሰውየው ወረቀቱን ገልብጦ አየው። በፊትም በጀርባም ንጹሕ ነው። ዘይት አልነካውም። ከመጀመሪያውም ዘይት አልነካውም። ያነበብኩት ያን ሰኞ ነው፣ ሶፍያ እንዳታየው ነው የቀደድኩት፣ ያንን ያህል ዘመን ነድቼ ያስተማርኩት ልጅ አረመኝ እንዳይባል ነው። ይህንን ሁሉ ተናገርኩ። ድምፄ የማንን ድምፅ እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ስጨርስ እንደ ደንቡ እኔም ጠየቅኩ፤ «አፊኒ?»

አንድ በአንድ ሰምተናል አሉ። አቶ ማርቆስም ሰምቻለሁ አሉ። እስራኤል መጨረሻ ነበር። ሕፃኗ አለቀሰች፣ ዝም አለች።

«ሰምቻለሁ» አለ።

ይቅር ብያለሁ አላለም። ሰምቻለሁ ብቻ ነው ያለው። ከነሱ ጋር ቡርሳሜ፣ በቅቤ የራሰ ቆጮ፣ ቀረበልኝ፣ በላሁ፣ እንዴት እንደዋጥኩት እግዜር ነው የሚያውቀው።

መጋቢት 15

ገጹን ሶፍያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አነበበች። ትጮሃለች ብዬ ነበር። «አቶ ደምሴ፣ ይህንን ሰው ሌባ ብዬ ደብዳቤ ፈርሜበታለሁ እኮ» አለች፣ ዓይኗ ቀላ። ያን ጊዜ ነው እሷንም ምን እንዳደረግኋት የገባኝ። ውሳኔ እስኪመጣ ከመሪ ተነሱ ተባልኩ። ቁልፉን ከቀለበቱ ሳወጣ ጥፍሬ ተሰበረ።

እስራኤልን ዛሬውኑ ጠርታ ደብዳቤውን ቀደደችው፣ ኮንትራቱ ይታደሳል። በር ላይ ስደርስ «ጎማው ይቀየር ይሆን? ልኩን ማን ይወስን?» አለች።

«እስራኤል» አልኳት።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ሳምንት ሙሉ ቤት። ፊቼ አለፈ። አባይነሽ አጥር ጠግን ትለኛለች፣ እጠግናለሁ። ሰው ላይ የምናደድበት ስላጣሁ መዶሻው ላይ ነው የምናደደው። ባለ ስምንት እግሩ የሚለው ቅጽል ቀርቷል፣ አሁን የሚሉኝን አልሰማሁም፣ መስማትም አልፈልግም።

ሰኢድ ትናንት ነግሮኛል፣ አራቱም 265/70 ገብተዋል። ዝናቡ ደጋውን አጨቅይቶታል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰዓቴን አየሁ። ጤና ኬላው የምደርስበት ሰዓት ነው።

ስልኬ ጮኸ። እስራኤል ነው። ከዚያ እሑድ ወዲህ አናግሮኝ አያውቅም። ከኋላው የነርሶቹ ድምፅ፣ የመኪና በር ሲዘጋ ይሰማል።

«ስልሳ ሁለት ነው፣ ጋሼ» አለኝና ዘጋው።

አባይነሽ ማን ነው አለችኝ። እስራኤል ነው፣ ደርሷል አልኳት። መዶሻውን አነሳሁ፣ ሚስማሩ ግን ዓይኔ እንባ ስላቀረረ በደንብ አልታየኝም።